የሸክላ መርፌን ስለ መምረጥ

በሰቆጣ አክስታችን ለፋሲካ ጠርተውን ሳለ፤ ሟቹ ባለቤታቸው የተዉላቸውን፤ አምሃ እሸቴ ያሳተሙትን ሸክላ፤ መርፌው ባለቀና ክንዱ በከበደ አሮጌ ማጫወቻ አጫወትንላቸው። ዘፈኑ ሳያልቅ ሸክላው ተፋቀ፤ ጥፋቱም የእኛ ነው።

ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ያስቀረጹት ዐይነት፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ፤ ቦዩ ሰፊ ስለ ሆነ ወፍራም መርፌ ይሻል፤ ቀጭኑ ከቦዩ ግርጌ ወድቆ ያንሿሽሻል። የ1960ዎቹ ባለ 45 ግን ቦዩ ጠባብ ስለ ሆነ፤ ቀጭን የአልማዝ መርፌ፤ ጫናውም ከ2 እስከ 3 ግራም ቢሆን ይበቃዋል። ክንዱ ለከበደ ማጫወቻ ደንደን ያለ የመርፌ ራስ፤ ለቀለለው ግን ልል የሆነው ይስማማዋል።

አክስታችን አልተቈጡንም፤ እኛ ግን በሣጥኑ የቀሩትን ሸክላዎች አዲሱ መርፌ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካቸው ለምነናቸዋል።