ታማኝነት ለቃሉ ወይስ ለነገሩ?

አንድ ተወዳጅ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲለወጥ ሁለት ወገን ይሰለፋል። አንደኛው፣ ከመጽሐፉ አንዲት ቃል ብትጎድል ክሕደት ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ ፊልም ራሱን የቻለ ጥበብ ስለ ሆነ መጽሐፉ አያስረኝም ባይ ነው። ሁለቱም ስተዋል።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ2017 ዓ.ም. በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማነት ሲቀርብ ይኸው ክርክር ዳግም መነሣቱ አያስደንቅም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ በመተረኩ ፊደል ካልቆጠረው ወገን ጆሮ ሳይቀር ደርሷል። በላይ አርማጭሆ፣ በትክል ድንጋይ ሬዲዮ ከብቦ ለሚያዳምጥ ሰው ሰብለ ወንጌል የአገሩን ልጅ መልክ ይዛ ትታየዋለች፤ በአዲስ አበባ ላለው ደግሞ ሌላ መልክ አላት። ድምፅ ለእያንዳንዱ የራሱን ሰብለ ሲሰጥ፣ ካሜራ ለሁሉም አንዲት ሴት ብቻ ያሳያል። ስለዚህ «የእኔዋ ሰብለ ይህች አይደለችም» የሚለውን ቅሬታ የትኛዋም ተዋናይት ልታስቀረው አትችልም። በዚህ መከራከር ጉልበት ማባከን ነው።

ሊሰመርበት የሚገባው ሌላ ነው። በዛብህና ሰብለ የተለያዩት በዕድል ጭካኔ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን የዘር ሐረግ ስለሚሹ ነው። ገበሬዎቹም በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት በዚያው በባላባቱ እብሪት ላይ ነው። ፍቅሩን ከዐመፁ ነጥሎ የሚያሳይ ፊልም የሚተርፈው ልቅሶ ብቻ ነው። የገጠር መሬት ዐዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከመታወጁ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ያን ሥርዓት ለፍርድ ያቀረበ መጽሐፍ ወደ ሐዘን ዜማ ሊወርድ አይገባውም።

እርግጥ ነው፣ ካሜራ ሐሳብን ፎቶግራፍ ማንሣት አይችልም። ትልቁ ፈተናም ጉዱ ካሳ ነው። ሰነፍ አዘጋጅ ወይ ረጅም ዲስኩር ያስደሰኩረዋል፣ ወይ ጨርሶ ያስወጣዋል። ብልህ አዘጋጅ ግን ከተናጋሪው ከንፈር ይልቅ እየሰሙ ዝም የሚሉትን አሽከሮች ፊት ያሳያል። ቃሉ ያጥራል፤ ነገሩ ግን ይጎላል።

ጎንደርን በሚነካ ሥራ ላይ ፈተናው በሌላ በር ይገባል። የጎንደር ተወላጁ ብርሃኑ ዘሪሁን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ላይ የጻፈው «የታንጉት ምሥጢር» ለፊልም ቢታሰብ፣ ካሜራው አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፋሲል ግንብ ነው። ቴዎድሮስ ግን ደብረ ታቦርንና መቅደላን መርጠዋል፤ ጎንደርንም በ1859 ዓ.ም. አቃጥለዋል። ግንቡን ለጌጥ ብቻ የሚደረድር ፊልም ዐይን ያጠግብ ይሆናል፤ ታሪኩን ግን ይዋሻል።

እንግዲህ ከያኒው ሳይፈራ ይቁረጥ፤ መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይሸሽም። ቤቱን ያቆመውን ምሰሶ ግን አይንቀል። መምህሩም ተማሪዎቹን «ምን ቀረ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «በመቅረቱ ማን ከተጠያቂነት ዳነ?» ብሎ ይጠይቅ። የባህል ሠራተኛውም ፊልሙን በተመልካች እንባ ብዛት አይመዝን።

በዛብህ፣ ሰብለና ጉዱ ካሳ የተቀበሩት ጎን ለጎን ነው። ሁለቱን አሳይቶ ሦስተኛውን የሚረሳ ፊልም መቃብሩን እንኳ በቅጡ አላየም።