እርሾ የተበጠሰ ክሩን እንዴት ይቀጥላል?

በታች አርማጭሆ፥ በሳንጃ ከተማ አንዲት ባለሙያ ሴት ጌሾና ብቅል አዋሕዳ ጠላ ስትጠነስስ፥ ጋኑን የሚያፈላላትን ሠራተኛ ዐይኗ አያየውም። ሠራተኛው እርሾ ነው፤ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው፥ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታይ ፍጡር። ይሁን እንጂ ይህ ደቃቅ ፍጡር ለሳይንስ ሊቃውንት ትልቅ መምህር ሆኖላቸዋል።

በእርሾ ሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባለው የዘር ክር በ16 ክሮሞሶሞች ተከፍሎ ይገኛል። 12 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ፊደል ያለው ይህ ጽሑፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ተነቦ አለቀ። ክሩ ከሁለት ፈትል የተገመደ ነው፤ የተዝረከረከም አይደለም። ሸማኔ ማጉን በቀሰም ላይ እንደሚያጠነጥን ሁሉ፥ 147 ጥንድ ፊደል ያህሉ ከ8 የሂስቶን ፕሮቲኖች በተሠራ ቀሰም ላይ ይጠመጠማል። ክሩና ቀሰሙ ባንድነት ክሮማቲን ይባላሉ።

ታዲያ ሁለቱም ፈትሎች በጨረር ወይም በሌላ ምክንያት ቢበጠሱስ? ፈታይ እንደምታውቀው፥ የክር ጫፍ ከልቃቂቱ ካልተፈታ አይቀጠልም። እርሾም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ ቴል1 እና ሜክ1 የሚባሉ ፕሮቲኖች ክሩ በተበጠሰበት አካባቢ ባሉት ሂስቶኖች ላይ የፎስፌት ምልክት ያኖራሉ። አር ኤስ ሲ እና ኢኖ80 የሚባሉት የፕሮቲን ጓዶችም ደርሰው፥ ኤ ቲ ፒ የተባለውን የሕዋሱን ስንቅ እያቃጠሉ ቀሰሞቹን ይገፋሉ፥ ያነሣሉ። ፈን30 ደግሞ አንደኛውን ፈትል ከጫፉ ለሚበሉት ኤንዛይሞች መንገድ ይጠርጋል። ራቁቱን የቀረውን ፈትል ራድ51 ይለብሰዋል፤ መንትያውን ክር ፈልጎም የጐደለው ከእርሱ ይገለበጣል። በመጨረሻም ሂስቶኖቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ይህ ሁሉ በምን ታወቀ? ሊቃውንቱ ጋላክቶስ የሚባለውን ስኳር ሲሰጡት ኤች ኦ የተባለ ኤንዛይም የሚያወጣ እርሾ አዘጋጁ። ኤንዛይሙ ክሩን በታወቀ ስፍራ ይቈርጠዋል። ከዚያ በኋላ ማን መጀመሪያ እንደ ደረሰ፥ ማን እንደ ተከተለ በየደቂቃው መመርመር ይቻላል። በዚህ ዘዴ የኢኖ80 ሥራ በ2004፥ የፈን30 ሥራ በ2012 ተገለጠ።

«ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ከእያንዳንዳችን ገላ ውስጥ ነው። ራድ51 በሰውም ውስጥ ይሠራል፤ ፈን30ም ስማርካድ1 የሚባል የሰው አቻ አለው። በሰው ውስጥ ራድ51ን በተበጠሰው ክር ላይ የሚያስቀምጠው ብራካ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። የዚህን ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶ የወረሰች ሴት በጡትና በእንቁልጢ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሏ እጅግ ከፍ ይላል። በአንጻሩ ደግሞ የጨረር ሕክምና የነቀርሳን ሕዋስ የሚገድለው ክሩን በጣጥሶ ነው፤ ሕዋሱ ቶሎ ከቀጠለው ግን ያመልጣል። ስለዚህ የአቀጣጠሉን ጥበብ ማወቅ ለሐኪም የግድ ነው።

ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ከ1954 ጀምሮ የጤና ተማሪ ያልተለያት ከተማ ናት። ከዚያው አውራጃ ወጥቶ ይህን ትምህርት የሚመርጥ ወጣት፥ በእናቱ ቤት አተላ ተብሎ በሚደፋው ዝቃጭ ውስጥ ያለውን መምህር ባይንቀው መልካም ነው።