ከዶዘሩ በፊት ሠዓሊው ይግባ

ጎንደር የፋሲልን ግቢ፣ አክሱም ሐውልቶቹን፣ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ይዘው ቆይተዋል። ድንጋይ ቢፈርስም ድንጋይ ነው፤ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ይለካዋል፣ ያነሣዋል፣ ይጠግነዋል። ካፋ ግን የእንጨት አገር ነው። የካፋ ነገሥታት ያሠሯቸው ታላላቅ ቤቶች ከዙሪያው ጫካ በወጣ ምሰሶና ጠርብ የቆሙ ነበሩ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው መንግሥቱ ሲወድቅ፣ ዛሬ እንደ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሄደን የምናየው ግድግዳ ሳይተርፍ ቀረ። ዘውዱ እንኳ በዐፄ ምኒልክ አማካሪ በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ እጅ አውሮፓ ድረስ ሄዶ ነው የተመለሰው። በእንጨት አገር ሰው የለቀቀው ቤት ብዙ አይቆይም። ጣሪያው አንድ ቦታ ማፍሰስ ሲጀምር ወጋግራው ይበሰብሳል፣ ምስጥ ከሥር ይገባል፣ የቀረውን ጎረቤት ለማገዶ ይወስደዋል። በካፋ ከተሞች ባዶ ስለሚቀሩና ስለሚፈርሱ ቤቶች ስንነጋገር፣ አንዴ ካለፈን ዳግም ስለማናገኘው ነገር እየተነጋገርን ነው።

ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ፊቷ እየተለወጠ ነው። መንገድ ይሰፋል፣ ፎቅ ይነሣል፣ የድሮው ቆርቆሮ ቤት ቦታውን ይለቃል። የጨና ወረዳዋን ዋጫን የመሰሉ ትንንሽ ከተሞችም ቢዘገዩ እንጂ ይህንኑ መንገድ መከተላቸው አይቀርም። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ይኑር ብዬ የምፈርድ አይደለሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ባለቤቱ ወይም ተከራዩ ለቅቆ የሄደበት፣ ከቅርስ መዝገብ ውጭ የሆነና ለመፍረስ የተወሰነበት ቤት ዶዘር ሳይገባበት በፊት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለቀራጺ፣ ለሠዓሊና ለአናጢ የተወሰነ ቀን ይስጥ። በፈቃድና በተቆጣጣሪ ፊት ይግቡ፣ የሚሠሩበትን ነገር ይምረጡ፣ ከፍለውና ፈርመው ይውሰዱ።

ምን አለበትና ነው የሚገቡት? አንድ የድሮ ሱቅ በር እንይ። ሳንቃው ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዘው በሚስቡት መጋዝ የተሰነጠቀ ስለሆነ ውፍረቱ ከጫፍ ጫፍ እኩል አይደለም፤ የመጋዙ ጥርስ የሄደበት ሰያፍ መስመር በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ላዩ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ በተላጠበት በኩል አረንጓዴ ብቅ ይላል፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ቡናማ። በመሸጎሪያው ዙሪያ ግን ቀለም የሚባል የለም፤ የእጅ ብዛት ጨርሶታል። ቁልፉ በየጊዜው ሲቀየር የቀረው ቀዳዳ በእንጨት ቁራጭ ተወትፏል። ወደ ውስጥ ሲገባ ወጋግራው በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ዓመት ሙሉ የተጤሰበት እንጨት በቀላሉ አይነቅዝም። ይህን ሁሉ አንድ ቀራጺ አዲስ እንጨት ገዝቶ ልሥራው ቢል አይችልም። የሰው እጅና ጊዜ አብረው የሠሩት ነው፤ ዶዘሩ ደግሞ በአንድ ገፊያ ከጭቃው ጋር ደባልቆ ገልባጭ መኪና ላይ ይጭነዋል።

ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም፤ የጫካም ጉዳይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን የከለከለው እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ ስለሆነ ነበር። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ የጫካ ቡናው ጥላ እንደ ዋንዛ ያሉ ትልልቅ ዛፎች ናቸው። እንግዲህ በቦንጋ የሚኖር ወጣት ቀራጺ ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ ቢያስፈልገው ከየት ያምጣ? ያለው ምርጫ ወይ ምንጩ የማይታወቅ እንጨት መግዛት ነው፣ ወይ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። አያቶቻችን ደኑ ሙሉ በነበረበት ዘመን የቆረጡት፣ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት በጣሪያ ሥር የደረቀው፣ ከእንግዲህ ወዲያ የማይላወሰው እንጨት ግን በሚፈርሱት ቤቶች ውስጥ ተቀምጧል። ለሥነ ጥበብ ከዚህ የተሻለ ሕጋዊ የእንጨት መጋዘን በካፋ አይገኝም።

ከፍርስራሽ የሚሠራ ነገር ጥበብ አይባልም የሚል ሰው አለ። ድሃ ስለሆንን የምናደርገው ማብቃቂያ ነው፤ አዲስ ከተማ አዲስ ዕቃ ይፈልጋል ይላል። ለዚህ መልሱ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ተቀምጧል። በየሐ የአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የዋልያ ምስል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ፤ እነዚያ ድንጋዮች የተጠረቡት ክርስትና ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ለነበረ ሕንፃ ነው። ግንበኛው አልጣላቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጎ ሰካቸው እንጂ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ዛሬም ከዘይት በርሜል ምድጃ፣ ከመኪና ጎማ ባልዲ ይወጣል። ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከዚያው ከመርካቶ የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦና የኪቦርድ ቁልፍ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እንደ ጥልፍ ክር እየገመደ ግድግዳ የሚሞሉ ሥራዎች ሠርቷል፤ በእ.ኤ.አ. 2022ቱ የቬኒስ ቢየናሌ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ የታዩት የእሱ ሥራዎች ከዚሁ የተወለዱ ናቸው። ከመስከረም አሰግድ ጋር በአዲስ አበባ መካኒሳ ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየምም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። ዘሪሁን የትምጌታ በእ.ኤ.አ. 1992ቱ የዳካር ቢየናሌ ታላቁን ሽልማት ሲወስድ በቀርከሃ ስንጥቅ ላይ እየሣለ ራሱን ያስከበረ ሠዓሊ ነበር። ቀርከሃ የካፋ ሰው አጥርና ቅርጫት የሚሠራበት ነገር ነው። ጥበቡን ያመጣው የሰውዬው ዐይን ነው፤ የዕቃው ዋጋ አይደለም።

የሚፈርስ ከተማ ለቀራጺ ምን እንደሚሰጥ ከሌላም አገር እንይ። ሉዊዝ ኔቨልሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ የምትኖርበት ሰፈር ለአዲስ ግንባታ ሲፈርስ ከየቤቱ የወጣውን የደረጃ መደገፊያ፣ የመስኮት ክፈፍና የወንበር እግር ለቅማ፣ በሣጥን በሣጥን አድርጋ ደርድራ፣ ሁሉንም ጥቁር ቀባችው። ከእነዚህ አንዱ፣ «ስካይ ካቴድራል» የተባለው የ1958 ሥራዋ፣ ዛሬ በዚያችው ከተማ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አለ። ሰፈሩ ጠፍቷል፤ እንጨቱ ግን አለ። ኖዋ ፑሪፎይ የሠራው ከዚህም ይከብዳል። በነሐሴ 1965 (እ.ኤ.አ.) በሎስ አንጀለስ የዋትስ ሰፈር በሁከት ሲቃጠል፣ እሱና ጓደኛው ሦስት ቶን ያህል የተቃጠለ እንጨትና የቀለጠ ብረት ሰብስበው፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች ጠቢባን ጋር ሠርተውበት ለሕዝብ አሳዩት። የሰፈሩ ሰው የደረሰበትን መልሶ ማየት የቻለው በዚያ ዕቃ ነው። በቺካጎ ቲያስተር ጌትስ ከከተማው በአንድ ዶላር የገዛውን በ1923 የተሠራ ወና ባንክ ሊያድሰው ሲነሣ፣ ከሕንፃው የወጣውን እብነ በረድ ቆርጦ የእያንዳንዱን ቁራጭ ዋጋ 5,000 ዶላር አድርጎ ሸጠ፤ ገንዘቡም ለዕድሳቱ ዋለ። ቦንጋ ቺካጎ አይደለችም፣ ገዢውም ያን ያህል አይደለም። ሆኖም የፈረሰ ቤት ቁራጭ በጠቢብ እጅ ሲያልፍ ዋጋው ስንት እጥፍ እንደሚሆን ያሳያል።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነው፤ ከቅርስ ጠባቂዎች የሚመጣው። እንዲህ ይላሉ፦ በሩን ነቅሎ ለሠዓሊ መስጠት ቤቱን ለማፍረስ ሰበብ ይሆናል፤ «እንጨቱ ተርፏል» እየተባለ ሊጠበቅ የሚገባው ሕንፃ ይፈርሳል። እውነት አላቸው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ የአሮጌ ቤቶችን መፍረስ ያየ ሁሉ ይህ ስጋት ባዶ አለመሆኑን ያውቃል። ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የሌለበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ምን እንደሆነና ያለ ፈቃድ ከቦታው እንደማይነሣ ደንግጓል። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ቤቱን አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ለክቶ፣ «ቅርስ አይደለም» ብሎ በጽሑፍ ካልፈረመ ማንም ሠዓሊ መግባት የለበትም። እንዲያውም የጠቢባኑ ቀን ይህን ምዝገባ የሚያስገድድ ቢሆን ለቅርስ ጠባቂዎቹ ለራሳቸው ይጠቅማል፤ ዛሬ ብዙ ተራ ቤት የሚፈርሰው አንድም ሰው ሳይለካው ነው። መጠበቅ የሚቻል ሕንፃ ከሆነ ሳይነካ ይጠበቅ፤ የምናገረው የመጨረሻው ውሳኔ ስለተላለፈበት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የድሃ ነው። የሚፈርሰው ቤት ቆርቆሮና ጣውላ ተነሺው ሌላ ቦታ መልሶ የሚቆምበት ሀብቱ ነው፤ ሠዓሊ መጥቶ ሊሻማው ነው ወይ? ሊሻማው አይገባም። ቀዳሚው መብት የባለቤቱ፣ ቀጥሎም ሲኖርበት የነበረው ሰው መሆን አለበት፤ የሚፈልገውን ወስዶ ሲጨርስ ነው የጠቢቡ ተራ። ግንበኛ የሚመርጠው ቀጥ ያለውን ጣውላና ያልተበሳውን ቆርቆሮ ነው። ቀራጺ የሚፈልገው ደግሞ የተበላውን ጉበን፣ የተጣመመውን ማጠፊያ፣ ዝገት የበሳውን ቆርቆሮ፣ የጠቆረውን የወጋግራ ጫፍ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ሲገናኙም ሠዓሊው ይክፈል። ቆራሌው በኪሎ ከሚሰጠው ከፍ ያለ ቢሰጥ የሚጎዳ አይኖርም።

ሦስተኛው የሌብነት ጉዳይ ነው። በሌላው ዓለም ወና ቤት በሌሊት ሰብሮ መግባትን እንደ ጀብዱ የሚያዩ ወጣቶች አሉ። ይህ እዚህ እንዲመጣ አልፈልግም። የሰው ቤት የሰው ነው፤ ባዶ መሆኑ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወደ መንግሥት የገቡትና ዛሬ በቀበሌ እጅ ያሉት ቤቶችም ባለቤታቸው ሕዝቡ ነው። በሥውር የሚወጣ ዕቃ ታሪኩም አብሮ ይጠፋል፤ በሩ ከየትኛው መንገድ፣ ከየትኛው ሱቅ እንደመጣ ካልታወቀ ሥራው ግማሽ ዋጋውን ያጣል። አደጋውም ቀላል አይደለም። ምስጥ የበላው ወለል ሰው ይዞ ይወርዳል፤ የተረሳ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሣር ለብሶ ይጠብቃል፤ በአንዳንድ አሮጌ መሥሪያ ቤቶች ላይ ያለው የሲሚንቶ ክዳን አስቤስቶስ ካለበት ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ደረቁን መፋቅ አይገባም። እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት መግቢያው በቀን፣ ከባለሙያ ጋር፣ በጫማና በጭንብል መሆን እንዳለበት ነው። በሩን ዘግቶ መከልከል ግን ያንኑ ወጣት በሌሊት፣ ብቻውን እንዲገባ መግፋት ነው።

አሠራሩ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ንብረት በጨረታ ይሸጣሉ፤ ማስታወቂያውን በየጋዜጣው እናነባለን። ችግሩ ሽያጩ በጅምላ መሆኑ ነው። የአንድ ግቢ በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮና ብረት በአንድ ምድብ ተጠቅልሎ ሲቀርብ ማስያዣውን መክፈል የሚችለው ነጋዴ ብቻ ነው፤ እሱም ብረቱን ለማቅለጫ፣ እንጨቱን ለማገዶ ይሸጠዋል። ማዘጋጃ ቤቶቹ ከጅምላው አንድ ትንሽ ክፍል ነጥለው በነጠላ ዋጋ ለጠቢባንና ለተደራጁ አናጢዎች ቢያቀርቡ ከገቢያቸው የሚቀንስ ነገር ኢምንት ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ቤቶቹን የመለካቱንና የመመዝገቡን ሥራ ሊያግዝ ይችላል። የሚሠራው ነገር የሚታይበት ቦታም ሩቅ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ ሚሊኒየም የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዚያው ቦንጋ ነው። ቡና የሚሸጥበት የነበረ ሱቅ በር ከዚያ የተሻለ ማረፊያ አያገኝም።

ለሥራው የሚመቸው ወቅት ግን አጭር ነው። የካፋ ዝናብ ረጅም ስለሆነ እንጨት ሳይበሰብስ ተነቅሎ፣ ሚስማሩ ወጥቶ፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ ተደርጎ በጣሪያ ሥር መደርደር የሚችለው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የማፍረሻ ቀን የሚቆርጡት ጽሕፈት ቤቶች ይህን ከወዲሁ በዕቅዳቸው ቢያስገቡት፣ በሚቀጥለው የማፍረሻ ማስታወቂያ ላይ ሊጨመር የሚገባው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጠቢባን የሚገቡበት ቀንና ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍል ስም።