ለአሊዩ አምባ ገበያ፡ ከመጋዘኑ በፊት ጋጣው

"አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል" ይላል ተረቱ። ስለ ገጠር ገበያ ሲነሣ የከተማው ባለሀብት ነገርም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ወደ ሰሜን ሸዋ ብቅ ብሎ አንድ የገበያ ቦታ ቢያይ ፈጥኖ የሚታየው መጋዘን ነው፤ ቀጥሎ ወፍጮ፣ ሆቴል፣ የጭነት መኪና። ማሽላውንና ጤፉን ከማሳ እስከ ገበያ ያመጣው የጋማ ከብት ግን በጥናቱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አያገኝም። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አሊዩ አምባ ይህ ስሌት የት ላይ እንደሚሳሳት ጥሩ ማሳያ ናት። እዚያ ለሚገባ አዲስ ገንዘብ የመጀመሪያው ሥራ መሆን ያለበት መጋዘን ሳይሆን ጋጣ ነው።

ምክንያቱ ከከተማዋ ታሪክ ይጀምራል። አሊዩ አምባ የተቆረቆረችው የሸዋ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813-1847) ሸዋን ከአንኮበር ሆነው ሲገዙ፣ ከታጁራ ጠረፍ የሚነሣው የሲራራ ንግድ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚሁ በር ነበር። አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሬው ከደጋው ገበሬ ጋር የሚገናኙበት የዓርብ ገበያዋ የጨው፣ የቡና፣ የጥጥ፣ የጨርቅና የጋማ ከብት መገበያያ ነበር።

ከቆላው የመጣ ግመል ግን ያን ገደላማ ዳገት እንደ ልቡ አይወጣውም። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልዕክተኛ ሻምበል ሀሪስ እንኳ ከታች ፋሬ ላይ ግመሎቹን አራግፎ ጓዙን ወደ አንኮበር ያስወጣው በብዙ መቶ ተሸካሚዎች ጫንቃ ነው። የአካባቢው ንግድ የቆመው በዚህ ቅያሪ ላይ ነበር፤ የግመል ጭነት ይራገፋል፣ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ይጫናል። ቅያሪ ባለበት ደግሞ ማደሪያ፣ መኖና ውሃ ይሸጣል።

ኋላ የሆነውም ይታወቃል። መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የባሕር ማዶው ዕቃ በሐዲዱ ሲሄድ የአንኮበር በር ቀዘቀዘ። አሊዩ አምባን የጎዳት የሸቀጥ እጥረት አልነበረም፤ ጫኙ መንገድ መቀየሩ ነው። ለነጋዴ ትምህርቱ አጭር ነው፤ ገበያ የሚደራው ጫኙ በተመቸው ቦታ ነው።

ዛሬስ ጫኙ ማነው? እስከ ገበያው መኪና ይደርሳል። ከየሸንተረሩና ከየገደሉ ሥር ካሉት መንደሮች እስከ ገበያው ያለው መንገድ ግን የአህያ፣ የበቅሎና የአጋሰስ ነው። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት፤ ፈረሱም ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህ ሁሉ እንስሳ ከአገሪቱ የጭነት ማመላለሻ ካፒታል አንዱ ክፍል ነው። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 ዓ.ም. አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ በመላው አህጉር እንዲታገድ የወሰኑትም የእንስሳው ዋጋ በቆዳው ሳይሆን በጫንቃው መሆኑን በማየት ነው።

አሁን ወደ ገበያው ቀን እንምጣ። ገበሬው ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ተጉዞ ይደርሳል። ጭነቱን ካራገፈ በኋላ እንስሳውን የሚያስርበት ጥላ፣ የሚያጠጣበት ገንዳ የለም እንበል። ፀሐይ እየከረረች ስትሄድ ሰውየው ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ እህሉንና እንስሳውን። ደላላው ይህን ያውቃል። ዝቅተኛውን ዋጋ የሚጠራው በማለዳ አይደለም፤ አህያው እግሩን ማፈራረቅ፣ ባለቤቱም ወደ ወንዙ ማማተር ሲጀምር ነው። እንግዲህ ጋጣ ማለት ለሻጩ የመደራደሪያ ጊዜ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ለገዢው ኪሳራ አይደለም ወይ የሚል ነጋዴ ይኖራል። ለአንድ ቀን ሲታሰብ ልክ ነው። ለዓመት ሲታሰብ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ሻጭ ሁሉ ከረፋዱ በፊት ለመገላገል ሲሽቀዳደም ሚዛኑ ይጨናነቃል፣ ጫኝና አውራጅ ዋጋ ይቆልላል፣ ከቀትር በኋላ የደረሰ መኪና ባዶውን ይቆማል። ውሃና ጥላ ያጣ ገበሬም በሚቀጥለው ሳምንት እህሉን ወደ ሌላ ገበያ ይነዳል። እንስሳው ቀኑን ሙሉ የሚያርፍበት ገበያ ግን ቀኑን ሙሉ አቅርቦት ይኖረዋል። ዋጋው በጥቂቱ ቢወደድ ነጋዴው በመጠኑና በእርግጠኝነቱ ያካክሰዋል።

ጋጣው ይሠራ ከተባለ ችግሩ ከዕቅዱ ይጀምራል። በከተማ ልማድ መጀመሪያ አጥር ይታጠራል፣ ከዚያ ብሎኬት ይቆለላል፣ በመጨረሻ ስንት እንስሳ እንደሚገባ ይታሰባል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው። መጀመሪያ ቆጠራ ይደረግ፤ በበጋም፣ በክረምትም፣ ከመኸር በኋላም ገበያ ቀን ቆሞ ስንት አህያ፣ ስንት በቅሎ፣ ስንት ፈረስ እንደሚመጣና ስንቱ እንደሚያድር መመዝገብ። ቤቱ የሚሠራው ለተለመደው ቀን ነው። በዓል ሲመጣ የሚተርፈውን የዛፍ ጥላና የዳስ ማሰሪያ ይችለዋል። ለዓመት አንድ ቀን ተብሎ የተገነባ ጣሪያ ቀሪውን ጊዜ የሞተ ገንዘብ ነው።

ለምሳሌ ቆጠራው 20 በቅሎና ፈረስ፣ 40 አህያ አሳየ እንበል። በሌላው ዓለም አንድ ትልቅ ፈረስ ተፈትቶ ለሚውልበት ክፍል 3.6 በ3.6 ሜትር የተለመደ ልክ ነው። ለገበያ ቀን ይህ ቅንጦት ነው። ለታሰረ በቅሎ 1.5 ሜትር ወርድ፣ 2.75 ሜትር ቁመት ያለው ቦታ ይበቃል። አሥር አሥሩ በሁለት ረድፍ ቆመው በመካከላቸው 2 ሜትር መተላለፊያ ቢተው፣ ቤቱ 15 ሜትር በ7.5 ሜትር፣ ማለትም 112 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በእንስሳቱ መካከል አግዳሚ እንጨት ካልገባ እርግጫው ከኪራዩ የበለጠ ካሣ ያስከፍላል። አህዮቹ ለብቻቸው፣ ግድግዳ በሌለው ሰፊ ዳስ ሥር ይሁኑ። የአፋር ግመል ደግሞ ከሁሉም ራቅ ብሎ ይሰር፤ ያልለመደው ፈረስ ግመል ሲሸተው ልጓም በጥሶ ይሄዳል።

ውሃው ከጣሪያው ጋር አብሮ ይታሰብ። ለበቅሎና ለፈረስ በቀን 30፣ ለአህያ 15 ሊትር ቢያዝ ጠቅላላው 1,200 ሊትር ነው። አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ የገበያውን ቀን ይሸፍናል። ያ 112 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 12 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 1,200 ሊትር ያህል ይሰጣል። አሸንዳ ያልተገጠመለት የጋጣ ጣሪያ በክረምት የሚፈስ ገንዘብ ነው።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው በአየር ላይ ነው። ብዙ ሰው እንስሳ ብርድ እንዳይመታው ብሎ መስኮቱን ሁሉ ይደፍናል። ፈረስን ከብርድ ይልቅ የሚጎዳው የሽንቱ ሽታና የገለባው አቧራ ነው፤ ሳንባውን ይይዘዋል። አሊዩ አምባ ደግሞ ከአንኮበር ይልቅ ሞቃት ናት። ስለዚህ ጣሪያው ከ3 ሜትር አይነስ፣ ከአናቱ የሞቀው አየር የሚወጣበት ክፍተት ይኑረው፣ ከቆርቆሮው ሥር የሣር ወይም የሰሌን ልባስ ይደረግለት። ቤቱ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢጋደም የጠዋትና የማታ ፀሐይ በጠባቡ ጎን ብቻ ይመታዋል።

ወለሉም እንዲሁ። ልሙጥ ሲሚንቶ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ሰኮናና ጉልበት ይጎዳል። በአካባቢው ድንጋይ ተነጥፎ በጠጠርና በአፈር የተጠቀጠቀ፣ በየ100 ሳንቲ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦዩ የሚያዘነብል ወለል ይበልጣል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ድርቆሹ ከእንስሳቱ አናት ላይ አይከመር። አንድ የሲጋራ ቁራጭ ጋጣውንም ባለጋጣውንም ያጠፋል።

ለአሊዩ አምባ በተለይ የማይታለፍ ሌላ ጉዳይ አለ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ገዳይ ሕመም በትንንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ሲሆን፣ እነዚህ ዝንቦች ሞቃትና እርጥብ ቦታ ይወዳሉ፤ የሚናከሱትም በአብዛኛው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሌሊትና ንጋት ላይ ነው። ሕመሙ ከባድ ሲሆን ከያዛቸው አሥር ፈረሶች ሰባቱን እስከ ዘጠኙን ይገድላል። በቅሎ ላይ እስከ ግማሽ ይደርሳል፤ አህያ የተሻለ ይቋቋመዋል። ከደጋ ወርዶ ቆላ ጠርዝ የሚያድር ፈረስ በክረምቱ ማብቂያ ትልቅ አደጋ ላይ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ሆኖም የበሽታው ዓይነት ብዙ በመሆኑ ክትባት ብቻውን አያስተማምንም። ስለዚህ ለአዳሪዎቹ አንድ ክፍል ጥቅጥቅ ያለ የወንፊት መረብ ይደረግለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይግቡ፣ ከነጋ በኋላ ይውጡ። ጋጣው ከረግረግና ከተኛ ውሃ ይራቅ፤ የገንዳው ትርፍ ውሃም አይቋጥ። ጠንካራ በርና ግድግዳም ለዚሁ ለአዳሪው ክፍል የግድ ነው፤ የአካባቢው ጅብ ኪራይ ከፍሎ አይገባም። ቁስል ያለበት እንስሳ ብቻውን የሚታሰርበት አንድ ጥግ፣ ለእሱም የተለየ ገመድና ባልዲ ሊኖር ይገባል።

ገቢውስ ከየት ይመጣል? የማሰሪያ ኪራይ ብቻ ቢታሰብ ሥራው አይቆምም። ገበሬው ለጥላ ብዙ አይከፍልም፤ አይፈረድበትምም። ሌላው ገቢ ግን አለ፤ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ገብስ በችርቻሮ፣ የኮርቻና የመጫኛ ጥበቃ፣ ሰኮና ማስተካከል፣ ያልተሸጠ ጭነት እስከ ሚቀጥለው ገበያ ማቆየት። መጋዘኑ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከጋጣው ቀጥሎ፣ ከጋጣው ደንበኛ ጋር። ፍጉም ገንዘብ ነው፤ አንድ ፈረስ በቀን ከ10 ኪሎ በላይ ይጥላል፤ ማሽላና ጫት የሚያለማው ገበሬ ለማሳው ይፈልገዋል። ከአንኮበር ቁልቁል በእግርና በበቅሎ የሚሄደው አገር ጎብኚም ደህና የተያዘ በቅሎ ቢያገኝ ይከራያል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው፣ ባጃጅና አይሱዙ መጥቶ የጋማ ከብት ዘመን አብቅቷል የሚለው ነው። አዲስ አበባን ለሚያይ እውነት ይመስላል። ስሙን ከቤተ መንግሥት ፈረሶች ኃላፊ ማዕረግ የወሰደው ባልደራስ ዛሬ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በተራራማ አገር ግን ዋና መንገድ ሲሻሻል ወደ መንገዱ የሚወርደው ጭነት ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ያንን የሚያወርደው ደግሞ እንስሳው ነው። መንገዱ የእንስሳውን ጉዞ ያሳጥረዋል፤ ሥራውን ግን ወዲያው አይነጥቀውም።

ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ገበያው በማዘጋጃ ቤት ውሳኔ ሊነሣ ይችላል። ገበያ ከተነሣ ጋጣ ብቻውን ባዶ ቤት ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። በአንድ በኩል የቦታው ውል ገበያው ቢዛወር ተለዋጭ ቦታ እንደሚሰጥ በግልጽ ይጻፍበት። በሌላ በኩል ቤቱ በብሎኬት ሳይሆን በብሎን በተያያዘ ምሰሶና ቆርቆሮ ይሠራ፤ ተነቅሎ ይተከላል። በቅሎ አከራዮችና አርጎባዎቹ ነጋዴዎች አክሲዮን ቢገቡበት ደግሞ ገበያውን ለማንሣት የሚያስብ ሹም አንድ ባለሀብትን ሳይሆን ከተማዋን ማነጋገር ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ሚሊዮኖች የሚጠይቅ አይደለም። አሥር ማሰሪያ፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ ገንዳና አንድ የመረብ ክፍል ይዞ ተጀምሮ፣ ሲሞላ አሥር መጨመር ይቻላል። የሚጠይቀው ከሥዕሉ በፊት ገበያ ቀን ማልዶ ወርዶ ኮቴ መቁጠር ነው። ብዙ የገጠር ፕሮጀክት በወረቀት ላይ አትርፎ በመሬት ላይ የከሰረው ይህን ግማሽ ቀን በመቆጠቡ ነው።