ማደግ ጥፋት አይደለም፦ አነስተኛ አገልግሎት ሰጪዎችና የቫት ምዝገባ



በቅርቡ ከመራጮች ጋር ካደረግነው አንድ ስብሰባ በኋላ አንዲት እህት ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ የሕግ ሰው ነዎት ይባላል። ቫት ልግባ ወይስ ልቆይ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሥራዋ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ነው። በአንድ ማሽን ጀምራ ዛሬ ሦስት ማሽንና አራት ሠራተኞች አሏት። ዓመታዊ ሽያጯ ወደ ምዝገባው ገደብ ተጠግቷል። ሥራዋ አድጎ ሳለ ድምፅዋ ላይ የሰማሁት ግን ስጋት ነበር።

ጥያቄው የእርሷ ብቻ አይደለም። የፀጉር ቤት፣ የጋራዥ፣ የልብስ ስፌት፣ የኤሌክትሪክ ጥገና ሥራ ያላቸው ሁሉ አንድ ቀን ይደርስባቸዋል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ለእርሷ የሰጠኋትን መልስ፣ ቀጥሎም ፓርቲያችን ሕጉ ውስጥ ሊታረም ይገባዋል የሚለውን አቀርባለሁ።

ታክሱ እንዴት ይሠራል?

ተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደንግጎ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ ተካ። መጣኔው 15 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 የ1994ቱን አዋጅ ቢተካም 15 በመቶው አልተለወጠም።

የተመዘገበ ነጋዴ ከደንበኛው ታክሱን ይሰበስባል፤ ለሥራው ዕቃ ሲገዛ በደረሰኝ የከፈለውን ቫት ከዚያ ላይ ቀንሶ ልዩነቱን ለመንግሥት ያስገባል። በሕግ ዓይን ነጋዴው ሰብሳቢ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው የመጨረሻው ሸማች ነው። በተግባር ግን ሸክሙ ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው የሥራው ዓይነት ነው።

ከመወሰንዎ በፊት

ለእህታችን በመጀመሪያ የነገርኳት፣ ገደቡን ያለፈ ሰው ምርጫ እንደሌለው ነው። ምዝገባው ግዴታ ይሆናል። ገደቡ የሚለካውም በጠቅላላ ሽያጭ እንጂ በትርፍ አይደለም። ብዙዎች «እኔ ምን አተረፍኩና!» እያሉ የሚዘናጉት ይህን ባለመገንዘብ ነው። ስለዚህ በየወሩ ያለፉትን 12 ወራት ሽያጭ መደመርን ልማድ ያድርጉ። በሥራ ላይ ያለውን ገደብም ከሰፈር ወሬ ሳይሆን ከግብር ቢሮው በጽሑፍ ይጠይቁ። ገደቡን አልፎ ሳይመዘገብ የቆየ ሰው ኋላ ሲደረስበት፣ ከደንበኛው ያልሰበሰበውን ታክስ ከወለድና ከመቀጫ ጋር ከኪሱ ይከፍላል። ደንበኛው ግን ከሄደ ቆይቷል።

ከገደቡ በታች ሆኖ በፈቃድ ስለመመዝገብ ለሚያስብ ደግሞ ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

ሀ) ደንበኛዎ ማነው? ደንበኛዎ የቫት ተመዝጋቢ ድርጅት ከሆነ ለእርስዎ የከፈለውን ታክስ ከራሱ ሒሳብ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ምዝገባዎ አይጎዳውም፤ እንዲያውም የቫት ደረሰኝ ከሌለዎት ሥራውን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ደንበኛዎ ተማሪና የሰፈር ነዋሪ ከሆነ ግን የሚቀንስበት ሒሳብ የለውም። ወይ ዋጋ ይጨምርበታል፣ ወይ ልዩነቱን እርስዎ ይሸከማሉ። የ1994ቱ አዋጅ የፈቃድ ምዝገባን የፈቀደው አገልግሎቱን ቢያንስ 75 በመቶ ለተመዘገቡ ሰዎች ለሚሰጥ ነጋዴ ነበር። ደንቡን ያወጡት ሰዎችም ይህንኑ ልዩነት አይተውታል ማለት ነው።

ለ) ምን ይገዛሉ? እህታችን የ100 ብር ሥራ ዋጋውን ሳትጨምር ብትመዘገብ፣ ከመቶው ውስጥ 13 ብር ከ4 ሳንቲም ቫት ነው። ለዚያ ሥራ የ23 ብር ወረቀትና ቀለም በቫት ደረሰኝ ብትገዛ 3 ብር ትቀንሳለች፤ 10 ብር ከ4 ሳንቲም ታስገባለች። ያለ ደረሰኝ ብትገዛ የምትቀንሰው የለም። ትልቁ ወጪዋ የሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ላይ ቫት ስለሌለ የሚቀነስም የለም። አገልግሎት ሰጪው ከዕቃ ነጋዴው ይልቅ ቫት የሚከብደው ለዚህ ነው።

ሐ) መዝገብ መያዝ ይችላሉ? ምዝገባ ማለት የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ በወቅቱ የሚቀርብ ማሳወቂያ፣ ብዙ ጊዜም የሒሳብ ሠራተኛ ክፍያ ነው። ይህን ሁሉ ደምረው ጥቅሙ ካልበለጠ፣ ከገደቡ በታች እያሉ መመዝገብ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

እህታችን ስታስበው ከገቢዋ አብዛኛው ከተማሪዎች ነው። ስለዚህ ገደቡ እስኪደርስ እንድትቆይ፣ እስከዚያው ግን እያንዳንዱን ግዢ በደረሰኝ እንድታደርግና ሽያጯን በየቀኑ እንድትመዘግብ መከርኳት። አንድ ሰው ንግድ ፈቃዱን በወንድሟ ስም ለሁለት እንድትከፍል መክሯት ኖሯል። አይሆንም አልኳት። ከሕግ መሸሽ ነው፤ ሲደረስበትም ወንድሟንም ይዞ ይወድቃል።

ስጋቱ ከየት መጣ?

የእህታችን ስጋት ከታክስ ጥላቻ የመጣ አይደለም። ከልምድ የመጣ ነው።

አንደኛ፣ ገደቡ ከኑሮው ጋር አይራመድም። በ1995 ዓ.ም. የምዝገባ ገደቡ 500 ሺህ ብር ነበር። በወቅቱ አንድ ዶላር ወደ 8 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ስለነበር ይህ 58 ሺህ ዶላር ያህል ነው። በ2010 ዓ.ም. ገደቡ ወደ 1 ሚሊዮን ብር ከፍ ሲል ዶላር 27 ብር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ገደቡም 37 ሺህ ዶላር ያህል ሆነ። በብር እጥፍ የሆነው ገደብ በእውነተኛ ዋጋው ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ቀነሰ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ወረቀቱና ቀለሙ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሲወደድ የኮፒው ዋጋም ይጨምራል፤ የሽያጩ ድምርም ያብጣል። የምትሠራው ሥራ ሳይጨምር የዋጋ ንረት ብቻ ተሸክሞ ገደቡን ያሻግራታል።

ሁለተኛ፣ አገልግሎት ሰጪው ከመነሻው አልታሰበም። ከቫት ገደብ በታች ለነበሩት የወጣው የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ ቁጥር 308/1995 በዕቃ ሽያጭ ላይ 2 በመቶ ሲጥል፣ ከጥቂቶች በቀር በአገልግሎት ላይ 10 በመቶ ጣለ። በእጁ ሙያ የሚኖር ሰው አምስት እጥፍ እንዲከፍል ተደረገ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አሠራሩ እምነትን አጥፍቷል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በቀን ገቢ ግምት የተነሳ እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ ከተሞች ሱቆች መዘጋታቸውን የሚረሳ የለም። መዝገብ የያዘም ያልያዘም በግምት የሚተመን ከሆነ መዝገብ ለምን ይያዛል?

አራተኛ፣ አቤቱታ ውድ ሆኗል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ሲያመለክት ከተከራከረበት ታክስ ቢያንስ 50 በመቶውን እንዲከፍል ደነገገ። ትልቅ ኩባንያ ይህን ይችላል። ሦስት የፎቶ ኮፒ ማሽን ያላት ሴት ግን ማሽኖቿን ሸጣ ነው ፍትሕ የምትጠይቀው።

ውጤቱን ሁላችንም በየሱቁ እንሰማዋለን፦ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይህ ጥያቄ በሚጠየቅበት ከተማ በሐቅ ደረሰኝ የሚቆርጠው ነጋዴ ከማይቆርጠው ጎረቤቱ ጋር ተወዳድሮ ይከስራል።

ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

ታክስ መከፈል አለበት። ትምህርት ቤት፣ መንገድና ጤና ጣቢያ ያለ ታክስ አይሠሩም፤ ቫትን እናነሳለን ብለን ድምፅ አንለምንም። የምንገባው ቃል የሚከተለው ነው፦

1. የምዝገባ ገደቡ በየዓመቱ በዋጋ ግሽበት ልክ እንዲስተካከል በሕግ እናስደነግጋለን። የባለሥልጣን ፈቃድ እስኪገኝ አይጠበቅም።

2. ገደቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈ አነስተኛ አገልግሎት ሰጪ፣ ማጭበርበር ካልተገኘበት በስተቀር፣ በመጀመሪያ በጽሑፍ እንዲነገረውና ለመዘጋጀት ስድስት ወር እንዲሰጠው እናደርጋለን።

3. ዜጋው ሲዘገይ ወለድ እንደሚከፍል ሁሉ፣ መንግሥትም ተመላሽ ሲያዘገይ ወለድ እንዲከፍል እናደርጋለን።

4. አነስተኛ ግብር ከፋይ ገንዘብ ሳያስይዝ ይግባኝ እንዲል እናደርጋለን።

5. በወቅቱ የተያዘ መዝገብ ሐሰተኛነቱ በማስረጃ እስካልተረጋገጠ ድረስ በግምት እንዳይተካ እናደርጋለን።

ገቢው ይቀንሳል የሚሉ አሉ። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ዛሬ ገደቡን በመፍራት የተደበቀው ሽያጭ ወደ መዝገብ ሲገባ የታክሱ መሠረት ይሰፋል። ማደግን የማይፈራ ነጋዴ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ደረሰኝም ይቆርጣል።

ያቺ እህት ስትለየኝ «አራተኛ ማሽን ለመግዛት አስቤ ገደቡን ፈርቼ ትቼዋለሁ» አለችኝ። በአራተኛው ማሽን ላይ ሊቀመጥ የነበረው ወጣት ዛሬ ሥራ ፈት ነው። በምርጫው ቀን ካርድዎን ሲይዙ ያንን ወጣት ያስቡ። ደረሰኝ የሚቆርጥ ዜጋ ከመንግሥቱም ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለው፤ ሒሳቡ የሚጠየቀውም በድምፅ መስጫው ሳጥን ነው።