አስተማሪው በስልክ ሠለጠነ፣ ሲጋራው በር ላይ ይሸጣል

የዛሬ ሦስት ሳምንት ግድም አንድ የቆየ ወዳጄ ደወለልኝና «ዳታ አለህ?» አለኝ። ድሮ ሰው ወዳጁን የሚጠራው «ና ቡና እንጠጣ» ብሎ ነበር። «አለኝ» ብለው «በል ቶሎ ድረስልኝ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ካልጨረስኩ ስሜ ይያዛል» ብሎ ዘጋው። ወዳጄ እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው። የእሱንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ አንባቢ አያጣውም።

ሄጄ አገኘሁት። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ፣ ጀበና ቡና ከምታፈላ ሴት ዘንድ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። በግራ እጁ ስልክ፣ በቀኝ እጁ ሲጋራ። ጠጋ ብዬ የሥልጠናውን ርዕስ ሳነብ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ከትምባሆ እንዴት እንደሚጠብቁ የሚያስተምር ሥልጠና ነው። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም። «ሳቅ፣ አንተ ምን አለብህ፤ ሰኞ ክፍል የምገባው እኔ ነኝ» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህቺው ቃሉ ናት።

ሥልጠናው ስድስት ክፍል አለው። በየክፍሉ ቪዲዮ ይታያል፣ ከዚያ አምስት ጥያቄ ይመለሳል። ቪዲዮው በእኔም ዳታ እየተንተባተበ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ዘለልነው። ጥያቄው ደግሞ ቢሳሳቱም አይከፋም፣ «እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ሀ ካልሆነ ለ፣ ለ ካልሆነ ሐ እያልን ሁለት ጎልማሶች በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስነው። ወዲያው ምስክር ወረቀቱ ከነስሙ ስልኩ ላይ ዱብ አለ። እኔ እስከ ዛሬ የማዝነው ለእኔም አንድ አለመስጠታቸው ነው፤ ግማሹን ጥያቄ የመለስኩት እኔ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር የተጻፈው መጥፎ አልነበረም። ኒኮቲን ከሳንባ ተነስቶ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል እንደሚደርስ፣ ገና ያልጠነከረ የልጅ አንጎል ከአዋቂው ይልቅ ቶሎ በሱስ እንደሚያዝ፣ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ከ7 ሺህ በላይ ኬሚካሎች እንዳሉ፣ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት ትምባሆ በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚገድል ይዘረዝራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይህን ሁሉ ደግሞ የባዮሎጂ መምህር ከነምልክቱ ያውቀዋል። የማያውቀው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ሰኞ ዕለት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጠየቀው።

ወዳጄ እንደ ታዘዘው ገብቶ ስለ ሳንባ ማስተማር ይጀምራል። ልጁ ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ እርስዎስ ያጨሱ የለ እንዴ?» ይለዋል። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ስድስቱን ክፍል ቢገለብጡት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ሥልጠናውን ያዘጋጁት ሰዎች ያሰቡት መምህር የማያጨስ፣ የማይቅም፣ ምሳውን በልቶ የመጣ፣ ከሥዕል ላይ የወረደ መምህር ነው መሰለኝ።

«መጀመሪያ ልቆጣ ነበር» አለኝ ወዳጄ። «ከዚያ ምላሴ ተያዘ። ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው።» ኮሌጅ እያለ በፈተና ሰሞን፣ ከአንድ የዶርም ጓደኛው በተቀበላት አንዲት ፍሬ እንደ ጀመረ፣ ጠዋት ጠዋት ሳያስለው እንደማይነሳ፣ ደመወዝ ሳይደርስ በዱቤ ሲጋራ የሚወስድበት ሱቅ እንዳለ፣ ሦስት ጊዜ ትቶ ሦስት ጊዜ እንደ ተመለሰበት አንድ በአንድ ዘረዘረላቸው። «እንደዚያ ጸጥ ብለው አዳምጠውኝ አያውቁም።» ደወሉ ሲደወል ሁለት ልጆች ቀሩ። አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ እንዴት ነው የሚተወው?» አለው።

መልስ አልነበረውም። ቢያውቅ ኖሮ ራሱ በተወው። ማታ ቤቱ ገብቶ በሥልጠናው የመልእክት ሳጥን «ማቆም የሚፈልግ ተማሪና መምህር የት ይሂዱ?» ብሎ ጻፈ። መልሱ አልዘገየም፤ «ኮርሱን ስላጠናቀቁ እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል ነበር።

በስልክ መሠልጠንን እየተቃወምኩ አይደለም። መምህር ሁሉ በየዓመቱ ከየክልሉ ተጠርቶ አዳማ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ይቀመጥ የሚል ሰው ካለ እሱ የሆቴሉ ባለቤት ነው። የብዙዎቻችን ማጉረምረም አበሉ ስለ ቀረ መሆኑንም ወዳጄ አልካደኝም። በስልክ የሚመጣ ትምህርት ይረክሳል፣ ሩቅ ይደርሳል፣ ያልገባ ነገር ይደገማል። ነገር ግን እውቀትን ማድረስ አንድ ነገር ነው፣ ሰውን ለክፍሉ ማዘጋጀት ሌላ። የሚያስጨንቅ ጥያቄ ሲመጣ እንዴት እንደሚመለስ፣ ጓደኛው ሲጋራ የዘረጋለት ልጅ ሳይሳቅበት እንዴት እንቢ እንደሚል በቃልና በድርጊት ይለመዳል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ በመንካት አይለመድም። መምህራኑ ቢያንስ በየትምህርት ቤቱ አምስትም ስድስትም ሆነው ተሰብስበው እርስ በርስ ቢለማመዱት ምን ነበረበት? ለዚህ ሆቴል አያስፈልግም፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ይበቃል።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው ቴሌቪዥን ተሰቀለና ከደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይወርድልን ጀመር። መምህራችን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሐሉን እንደ እኛው ተቀምጦ ያያል። በእንግሊዝኛ የሚፈጥነው ሰውዬ «ገባችሁ?» ብሎ ሳይጠብቀን ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። ያኔም «ቴክኖሎጂ ደረሰላችሁ» ተብለን ነበር። መምህርን የመሣሪያ ዘበኛ ማድረግ የጀመረው ዛሬ አይደለም ለማለት ነው።

ደግሞስ በየትኛው ኢንተርኔት? በ2009 ዓ.ም. ፈተና እንዳይሾልክ ተብሎ የአገር ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቷል። ሲፈልጉ ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫኑ ሰዎች መምህሩን «እስከ ስድስት ሰዓት በኢንተርኔት ጨርስ» ሲሉት፣ ዳታውንም ከደመወዙ ሲገዛ፣ ምነው ሸዋ! አያሰኝም?

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ከወዳጄ ጋር በተቀመጥንበት ከእኛ አሥር እርምጃ ላይ አንድ ሱቅ በደረቴ ቆሞ ነበር። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ከረሜላ፣ ሲጋራ። ሲጋራውን በፍሬ ነው የሚሸጠው። በእረፍት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ብቅ አሉና አንዲት ፍሬ ለሦስት ገዙ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ጥሩ አዋጅ ነው፤ የፓኬቱን 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ሥዕል ያስሸፍናል፣ በትምህርት ቤት ግቢ ማጨስን ያግዳል፣ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆንና ሺሻን ይከለክላል። በአፍሪካ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው ተብሎ ተመስግኗል። ነገር ግን ፍሬ የሚገዛ ልጅ ፓኬቱን አያይም፤ ሥዕሉ ከሻጩ ጋር ይቀራል። ሻጩም አዋጁን አያውቀውም። እኔ እሱን አልወቅስም፣ እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ዕለት ጉርሱን ነው የሚፈልገው። ቢከለክሉት ደግሞ ደንቦቹ ደረቱ ላይ ያለውን ሳጥን ነጥቀው ማስቲካውን ጭምር ይወስዱበታል እንጂ ሕጉን አያስረዱትም።

ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችውን ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አግኝቼ አነበብኩት። አንቀጽ 12 መምህራን እንዲሠለጥኑ ይላል። (የጋዜጣ ሰዎችም እንዲሠለጥኑ ይላል፤ እኔን እስካሁን የጠራኝ የለም።) አንቀጽ 14 ማቆም ለሚፈልጉ የሚረዳ ፕሮግራም በትምህርት ተቋማት ጭምር እንዲቋቋም ይላል። አንቀጽ 16 ለልጆች እንዳይሸጥ፣ በፍሬ መሸጥም እንዲታገድ ጥረት ይደረግ ይላል። እኛ ዘንድ 12ኛው በስልክ መጣ። 14ኛው ቢኖር ኖሮ ያ ልጅ መልስ ያገኝ ነበር። 16ኛው ቢሠራ ኖሮ ጥያቄውም ባልተነሳ ነበር። ከሦስቱ የተመረጠው ሸክሙ በመምህሩ ጫንቃ ላይ የሚያርፈው ነው። የረከሰውም እሱ ነው።

ያለ ገንዘብ አይሆንም እንዳይሉን። የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 31 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረለት። ድምሩን አንባቢ ያድርግ። ይህን ያህል የሚከፍል ነጋዴ የሚገዛው ሕንፃና ማሽን ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ብቻ ነበር። አጫሹ ጥቂት፣ ሕዝቡ ብዙ፣ አብዛኛው ደግሞ ወጣት የሆነበት አገር ለትምባሆ ነጋዴ ያልታረሰ መሬት ነው። የሚታረሰው ማን እንደሆነ ከትምህርት ቤቱ በር ቆሞ ማየት ይቻላል። ከዚያ ሁሉ ዶላር ለአንድ ማቆሚያ ክሊኒክ፣ ለአንድ የበር ተቆጣጣሪ የምትሆን ቁራጭ አጣን?

ሥልጠናው ቢሟላስ ብቻውን ይበቃል? ይህንን አሜሪካኖች ሞክረውታል። በዋሽንግተን ግዛት በ40 የትምህርት አውራጃዎች ከ8 ሺህ በላይ ልጆችን፣ ከፊሎቹ ከሦስተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሠለጠኑ መምህራን ስለ ሲጋራ እየተማሩ፣ ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። የተማሩትና ያልተማሩት በማጨስ ረገድ ልዩነት አልታየባቸውም። ትምህርት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ዋጋው፣ ሕጉ፣ ሱቁ ካልተነካ መምህር ብቻውን አይችለውም ማለት ነው። የትምባሆ ኩባንያዎችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፊሊፕ ሞሪስ ራሱ ወጣቶችን «አታጭሱ» የሚል ዘመቻ ከፍቶ ነበር፤ በኋላ ሲጠና ዘመቻውን ያዩት ወጣቶች ለማጨስ ልባቸው ይበልጥ ክፍት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ወደፊትም የሚላክላችሁን ሥልጠና ከመንካታችሁ በፊት «ወጪውን የሸፈነው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ገና አልተከለከለም።

አንድ የሠራ ነገር ትዝ ይለኛል። እኛ ተማሪ ሳለን ፀረ-ኤድስ ክበብ ነበረ። በሚኒ ሚዲያው ይነበባል፣ በሰልፍ ሰዓት ድራማ ይታያል፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች መጥተው ፊታችን ቆመው ይናገሩ ነበር። አንዲት ሴት ተናግራ ስትጨርስ ያ ሁሉ ረባሽ ተማሪ ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ሲገባ አስታውሳለሁ። የሴትየዋን ቃል ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያመንነው ከራሷ ስለ መጣ ነው። ወዳጄም ያን ሰኞ ሳያስበው ያደረገው ይህንኑ ነው። የሥልጠናው አዘጋጆች አንድ ሰባተኛ ክፍል ቢጨምሩበት፣ የሚያጨስ መምህር በተማሪው ፊት ምን እንደሚል፣ ራሱም ለማቆም ምን ዓይነት እርዳታ፣ ከማን፣ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚያገኝ ቢጻፍበት እኔ ዳታዬን ይዤ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ በዚያ አለፍኩ። ሱቅ በደረቴው እዚያው ቆሟል። ወዳጄ አቁሜያለሁ ካለ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ ሲጋራ የሚገዛበትን ሰው ላለማየት ሲል አሁን የሚገባው በኋላ በር ነው። ያ የጠየቀው ልጅ ግን በዋናው በር ነው የሚገባው።