ጀልባው ሲመሽበት ማን ይጠቀማል?

ክሮኤሺያ ውስጥ ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ በመኪና ብትሄዱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው። በዚያው የአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ በባለ ሸራ ጀልባ የሚጓዙ ሰዎች ግን ለዚሁ መንገድ አንድ ሙሉ ሳምንት ይመድባሉ። ጀልባው ጥሩ ነፋስ ቢያገኝ እንኳ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ብስክሌት ይቀድመዋል። ታዲያ ሰው ለዝግታ ብሎ ገንዘብ ይከፍላል? አዎ፣ ይከፍላል። ትንንሾቹን ደሴቶች የሚጠቅማቸውም ይሄው ዝግታ ነው።

ኢንስታግራም ላይ ነጭ ሸራና ሰማያዊ ባሕር ስናይ “የሀብታም ጨዋታ” ብለን እናልፋለን። የሀብታም ጀልባ የለም አልልም። ግን እዚያ በጣም የተለመደው ሌላ ነው፦ ስድስት ወይም ስምንት ጓደኛሞች አንድ ጀልባ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ይከራያሉ፤ ወጪውን ይካፈላሉ፤ እዚያው ያበስላሉ፤ እዚያው ይተኛሉ። ፈቃድ ያለው ሰው ከመካከላቸው ከጠፋ ካፒቴን ይቀጥራሉ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ባለ ሸራ ጀልባ ሁልጊዜ የመሸበት እንግዳ ነው። ዛሬ ብራች፣ ነገ ኽቫር፣ ከነገ ወዲያ ቪስ፣ ከዚያ ኮርቹላ፣ ከዚያ ምልየት ያድራል። “ቡራ” የሚሉት ከተራራ የሚወርድ ኃይለኛ ነፋስ ከተነሳማ ጉዞ የለም፤ ወደብ ገብቶ መጠበቅ ብቻ ነው። ባደረበት ሁሉ ውኃ ይሞላል፣ ዳቦ ይገዛል፣ የማሰሪያ ይከፍላል። ቪስ እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ የዩጎዝላቪያ ጦር ይዟት ለውጭ አገር ሰው ዝግ ነበረች። ዛሬ በበጋ ወደቧ በጀልባ ይሞላል።

“ኮኖባ” የሚባሉት የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ደግሞ ነገሩ ቶሎ ገብቷቸዋል። ብዙዎቹ ከደጃቸው ባሕሩ ላይ የጀልባ ማሰሪያ አዘጋጅተው “እራት እኛ ጋ ከበላችሁ እዚህ በነፃ እደሩ” ይላሉ። ማስታወቂያ የለ፣ ደላላ የለ። ጀልባው መሽቶበታል፣ ዓሣው ተጠብሷል፣ በቃ።

ትልቁን የሽርሽር መርከብ ከዚህ ጋር አስተያዩት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጠዋት ያወርዳል፣ ማታ መልሶ ይጭናል። ቁርሱም እራቱም አልጋውም መርከቡ ላይ ነው። ለከተማው የሚተርፈው ግፊያ፣ ፎቶና ጥቂት አይስክሬም ነው። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበችው የዱብሮቭኒክ አሮጌ ከተማ “ጌም ኦፍ ትሮንስ” ከተቀረጸባት ወዲህ ሰው መሄጃ ሲያጣባት፣ አስተዳደሩ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ የሽርሽር መርከብ እንዳይቆም ገደብ ጣለ።

እርግጥ ባለ ሸራ ጀልባም ጻድቅ አይደለም። መልሕቁ የባሕር ሣሩን ይነቅላል፤ ያ ሣር የዓሣ ጫጩት ማደጊያ ነው፣ ተመልሶ የሚበቅለውም በጣም በዝግታ ነው። ቱሪስት የለመደ ከተማ ውስጥ ቤቱ ሁሉ ለእንግዳ ኪራይ ይሆንና የአገሬው ወጣት ማደሪያ ያጣል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ግማሹ ሱቅ ይዘጋል። ስለዚህ የእኔ አቋም “ጀልባ ይብዛ” አይደለም። መልሕቅ በየቦታው ከመጣል ይልቅ ቋሚ ማሰሪያ ይዘጋጅ፣ ቁጥሩ ይወሰን፣ ክፍያውም ለዚያችው ደሴት ይዋል ነው።

እኛ ባሕር የለንም፤ ጥያቄው ግን አለን። የጣናን ገዳማት የሚጎበኝ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነስቶ ዘጌ ደርሶ በግማሽ ቀን ይመለሳል። እራቱም አልጋውም ከተማ ነው፤ ዘጌ ላይ የሚመሽበት ስንቱ ነው?

እናም በሚቀጥለው ጊዜ “ይህን ያህል ቱሪስት ገባ” የሚል ዜና ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት ኮሜንት ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ሌሊት አደሩ? የትስ አደሩ? የገባውን ሰው መቁጠር ቀላል ነው፤ ገንዘቡ የሚቀረው ግን እንግዳው ባደረበት ነው።